ሂፕ ሆፕና የጎልማሳ ጆሮ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው ሲባል፣ ኑሮው ሲለወጥ ነጸብራቁም፣ ነጸብራቁን የሚመለከተውም ሰው አብረው እንደሚለወጡ መዘንጋት የለበትም። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ጥበባት አንዱ ሙዚቃ ነው። ሰው በሃያ ዓመቱ ሲያዳምጠው ያደረውን ዘፈን በአርባ ዓመቱ ሲሰማው ወይ ፈገግ ይላል፣ ወይ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ወይ ማጫወቻውን ይዘጋል። ዘፈኑ ያው ነው። በሸክላው ላይ የተቀረጸው ድምፅ አንዲት ኖታ እንኳ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ጥያቄው በየዘመኑ የሚነሣ ቢሆንም፣ ዛሬ ሂፕ ሆፕን ያህል አጥብቆ የሚፈትነው የሙዚቃ ዘርፍ ማግኘት ያስቸግራል። ሂፕ ሆፕ የተወለደው የወጣት ልሳን ሆኖ ነው። አሁን ግን ራሱ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ከመጀመሪያዎቹ አድማጮቹ መካከልም የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። «ሂፕ ሆፕ የልጅነት ነገር ነው፤ ሰው ሲበስል ይተወዋል» የሚለው አስተያየት በአሜሪካም ሆነ ከዚያ ውጭ በተደጋጋሚ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አስተያየት ነው። አድማጩ አድጎ ሙዚቃውን ጥሎት ሄደ? ወይስ ሙዚቃው ከአድማጩ ጋር ለማደግ ሳይችል ቀረ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የወጣት ልሳን

የሂፕ ሆፕ ልደት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከኦገስት 11 ቀን 1973 ጀምሮ ነው። በዚያ ምሽት በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር፣ ሴጅዊክ በተባለው ጎዳና በሚገኝ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዲት ልጃገረድ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የዳንስ ግብዣ አዘጋጀች። ሸክላ አጫዋቹ ከጃማይካ የመጣው የ18 ዓመት ወንድሟ ክላይቭ ካምፕቤል፣ በኋላ ኩል ሄርክ በመባል የታወቀው ወጣት ነበር። ሄርክ ተጨፋሪው በይበልጥ የሚነሸጠው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ጊዜ መሆኑን ልብ አለ። ስለዚህ በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አንድ ዐይነት ሸክላ እያስቀመጠ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላውን እየመለሰ፣ ያችን አጭር የከበሮ ምት ማራዘም ያዘ። በምቱ ላይ ቤት የሚመታ ንግግር ሲጨመርበት ራፕ ተገኘ።

ይህ ሁሉ የሆነው በተጎሳቆለ ሰፈር ውስጥ ነው። በብሮንክስ መካከል የተቀደደው ሰፊ አውራ ጎዳና ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሎ ነበር፤ በ1970ዎቹም ሕንፃ በሕንፃ ላይ ይቃጠል ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ መግዣ ያልነበረው ወጣት የወላጆቹን ሸክላ መሣሪያው አደረገ። በ1982 ግራንድማስተር ፍላሽና ፊዩሪየስ ፋይቭ ባወጡት «ዘ ሜሴጅ» የድሀው ሰፈር ኑሮ ሳይሸፋፈን ቀረበ። በ1989 ፐብሊክ ኤነሚ ለስፓይክ ሊ ፊልም ያበረከቱት ዘፈን የተቃውሞ መዝሙር እስከ መሆን ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ አለ። ሂፕ ሆፕ የወጣት ድምፅ ይሁን እንጂ የተሠራው ከአባቶች ድምፅ ነው። የጄምስ ብራውን ከበሮ መቺ ክላይድ ስታብልፊልድ በ1970 በወጣው «ፈንኪ ድራመር» ላይ የመታው ምት ተቆርጦ በብዙ የራፕ ሸክላዎች ውስጥ ገብቷል። የአባቱን ዘፈን «አሮጌ» ብሎ የናቀው ልጅ ሳያውቀው በአባቱ ከበሮ ይጨፍር ነበር ማለት ነው።

ያረጀ ጆሮና የበሰለ ጆሮ

የሙዚቃ ምርጫ ከዕድሜ ጋር ያለው ግንኙነት በጥናትም ተፈትሿል። ሆልብሩክና ሺንድለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1932 እስከ 1986 ከወጡ ዘፈኖች የተመረጡትን በልዩ ልዩ ዕድሜ ላይ ለሚገኙ ሰዎች አሰምተው ነበር። ሰዎቹ አብልጠው የወደዱት እነርሱ በ24 ዓመት ዕድሜ ግድም በነበሩበት ጊዜ የታወቁትን ዘፈኖች ሆኖ ተገኘ። ወጣትነት በጆሮ ላይ ማኅተም ያሳርፋል ማለት ነው። ሰው የመጀመሪያ ፍቅሩን፣ የመጀመሪያ ደመወዙንና ከወላጆቹ ቤት የወጣበትን ቀን የሚያስታውሰው ከዚያ ዘመን ዘፈን ጋር አቆራኝቶ ነው።

ይህ ከሆነ «ተውኩት» የሚለው አድማጭ በእርግጥ ምን ተወ? ብዙውን ጊዜ የተወው ሂፕ ሆፕን ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የመጡትን ራፐሮች ነው። የ1990ዎቹን ሸክላ ሲሰማ ዛሬም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ የልጁን ሲሰማ ግን «ይህም ሙዚቃ ሆኖ!» ይላል። ይህንኑ ቃል የዛሬ ሠላሳ ዓመት አባቱ ለእርሱ ብለውት ነበር። እንዲህ ያለው ጆሮ ያረጀ እንጂ የበሰለ አይደለም። የትናንቱን ድንበር የዓለም ድንበር አድርጎታል።

የበሰለ ጆሮ ፈተናው ሌላ ነው። የበሰለ ጆሮ ወደ ራሱ ዘመን ዘፈን ተመልሶ፣ ያኔ ያልሰማውን ይሰማል። በሃያ ዓመቱ ምቱ ብቻ ይበቃው የነበረ ሰው፣ ሴት ልጅ ወልዶ ካሳደገ በኋላ በዚያው ዘፈን ውስጥ በሴቶች ላይ የተወረወረው ስድብ ጆሮውን ይወጋዋል። ስድቡ ያኔም ነበረ፤ እርሱ ግን አልፎት ነበር። ወርቅና መኪና የሚቆጥረው ስንኝ ያኔ የድሀ ልጅ ሕልም መስሎ ታይቶት ይሆናል፤ ዛሬ የሸቀጥ ማስታወቂያ ይመስለዋል። በአንጻሩ ያኔ የሰለቸው፣ ስለ እናት ድካም የተነገረ ስንኝ ዛሬ እንባውን ያመጣበታል። መብሰል ማለት ይህ ነው። የወደዱትን ሁሉ መጣል ሳይሆን፣ በወደዱት ውስጥ ገለባውን ከፍሬው መለየት ነው።

ሽማግሌ ያጣ ጥበብ

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአድማጩ ላይ መጫን ሚዛናዊ አይሆንም። ሂፕ ሆፕ ለረጅም ጊዜ ሽማግሌ አልነበረውም። ቱፓክ ሻኩር በ1996 በ25 ዓመቱ፣ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በ1997 በ24 ዓመቱ በጥይት ተገደሉ። ስለ ጎልማሳነት ሊነግሩ ይችሉ የነበሩት ድምፆች ጎልማሳ ሳይሆኑ ቀሩ። በሕይወት የቆዩትም ቢሆኑ፣ ወጣቱን ገዢ አድርጎ የሚያስበው የሸክላ ንግድ በጊዜ ወደ በሩ ይገፋቸው ነበር። ጄይ ዚ በ2003 በ33 ዓመቱ የስንብት አልበም ማውጣቱን አስታውቆ ነበር። በሌላ ጥበብ በ33 ዓመቱ ሥራውን የሚሰናበት ደራሲ ቢኖር ሰው ሁሉ በተገረመ ነበር።

የዚህን ሐሳብ ጥልቀት ያሳየው አንድሬ 3000 ነው። የአትላንታው አውትካስት ቡድን አባልና በቋንቋ ችሎታው እጅግ የተደነቀው ይህ ሰው፣ በኖቬምበር 2023 በ48 ዓመቱ አዲስ አልበም ሲያወጣ አንድም የራፕ ስንኝ አልነበረበትም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተሞላው በዋሽንት ድምፅ ነው። በጊዜው በሰጠው ቃለ መጠይቅ ላይ፣ በዚህ ዕድሜ ስለ ምን ራፕ ይባላል፣ ስለ ዐይን መድከምና ስለ ሐኪም ምርመራ ነውን ሲል ጠይቋል።

ለዋሽንቱ ክብር ይገባዋል፤ ራሱን ለመድገም እምቢ ያለ ከያኒ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው ግን መልስ ይሻል፤ መልሱም «አዎን፣ ስለዚያ ነው» የሚል መሆን አለበት። ዐይን መድከም ለግጥም የማይበቃው ለምንድን ነው? ከጥንት ጀምሮ ታላላቅ ግጥሞች የተገጠሙት ስለ ጉልበት መላላት፣ ስለ ሽበት፣ ስለ ሞት መቃረብ አይደለምን? ይህ ጉዳይ ለራፕ አይሆንም ከተባለ፣ ጉድለቱ ያለው በዕድሜው ላይ አይደለም፤ ወጣትነት ብቻ ሊነገርለት ይገባል በሚለው ያልተጻፈ ሕግ ላይ ነው። የሀገራችን ሰው በፉከራ ውስጥ ራሱን እንደሚያወድስ ሁሉ በራፕም ራስን ማወደስ የቆየ ልማድ ነው። ይሁንና የሚፎክር ሰው ፎክሮ ሲያበቃ እንጉርጉሮም አለው። ራፕ እንጉርጉሮውን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

የአንድ ከያኒ ዕድሜ

እንጉርጉሮው መገኘቱን ከሚያሳዩት መካከል የናስን ሥራዎች መመልከት ይበቃል። ናስ የተወለደው በሴፕቴምበር 1973፣ ከሄርክ ግብዣ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው። ከሙዚቃው ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። በኩዊንስብሪጅ የመንግሥት ቤቶች ያደገው ይህ ልጅ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አቋርጦ፣ በ1994 በ20 ዓመቱ «ኢልማቲክ» የተባለውን አልበም አወጣ። አልበሙ በመስኮት ወደ ውጭ እንደሚመለከት ልጅ ሰፈሩን በዝርዝር ይሥላል። ከዘፈኖቹ የአንዱ መጨረሻ ላይ ግን የትንፋሽ መሣሪያ ይሰማል፤ ኮርኔቱን የሚነፋው የጃዝ ሙዚቀኛ የሆነው አባቱ ኦሉ ዳራ ነው። ልጁ ሕይወት አጭር ናት እያለ ሲያማርር፣ ከኋላው አባቱ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ቆሞ ይነፋል። ያ ትንፋሽ ለልጁ ከቃል የበለጠ መልስ ነበር።

በ2006 ናስ በ33 ዓመቱ «ሂፕ ሆፕ ሞቷል» የሚል ርእስ ያለው አልበም አወጣ። ይህ ከላይ የተነገረለት ያረጀ ጆሮ ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው ከእርሱ በኋላ ዓለም ያበቃ ይመስለዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ በ2012 ባወጣው «ላይፍ ኢዝ ጉድ» ግን ሌላ ሰው ይሰማል። ስለ ፈረሰ ትዳሩ ይናገራል፤ ስለ ሴት ልጁ በገጠመው ዘፈን ደግሞ፣ በወጣትነቱ ከሴቶች ጋር የነበረውን አኳኋን የአባት ዐይን ይዞ መልሶ ይመዝነዋል። እዚህ ላይ አድማጩና ከያኒው በአንድ ላይ በሰሉ። ከ2020 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ከእርሱ በ14 ዓመት ከሚያንሰው አቀናባሪ ከሂት ቦይ ጋር ስድስት አልበሞች ሠራ፤ የመጨረሻው የወጣው ልክ 50 ዓመት በሞላው ቀን ነው። ሞቷል ያለውን ጥበብ ይዞ አምሳኛ ዓመቱን ያከበረው ከወጣት ጋር በመሥራት ነው።

ጄይ ዚም ከስንብቱ ተመልሶ በ2017 በ47 ዓመቱ ባወጣው አልበም የትዳር በደሉን ተናዟል፤ እናቱ ለዓመታት ሸሽገውት ስለ ኖሩት ሕይወት ተናግሯል፤ ለልጆች ስለሚተርፍ ሀብትም መክሯል። እንዲህ ያለውን ነገር የሃያ ዓመት ልጅ ሊገጥመው አይችልም። ቅርጹ ያው ራፕ ነው፤ ይዘቱ ግን ጎልምሷል። በሀብት ላይ ያለው እምነት ሊያከራክር ይችላል፤ ራፕ የጎልማሳን ኑሮ መሸከም አይችልም የሚለው ክርክር ግን በዚህ ሥራ ውድቅ ሆኗል።

ትዝታና መመለስ

የናስ ጉዞ አንድ ጊዜ ኢትዮጵያንም ነክቷል። በ2010 ከዴሚያን ማርሊ ጋር ባወጣው «ዲስታንት ሬላቲቭስ» በተባለው አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ላይ ሁለቱ ከያኒዎች ቃል እየተቀባበሉ የሚፈጥኑበት ምት የተወሰደው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። የኢትዮ ጃዝ ፈር ቀዳጅ በሆነው ሙዚቀኛ የተቀነባበረው ይህ ሥራ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በሌላ ትውልድ አንደበት ሥር መልሶ ነፍስ ዘራ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ የአባቱን ዘመን ዜማ በመጀመሪያ የሚሰማው በራፕ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ሲጎለምስ ምቱ ከየት እንደ መጣ ይፈልግ ይሆናል። ፍለጋውም ወደ አባቱ ቤት ይመልሰዋል።

የርእሱ ቃል በአጋጣሚ የተገኘ ቢሆንም ነገሩን በሚገባ ይገልጠዋል። ትዝታ በእኛ ሙዚቃ የቅኝት ስም ነው። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ያለፈውን አይንቅም፤ ልመለስበት ብሎም ራሱን አያታልልም። ርቀቱን አውቆ፣ ከዛሬው ቦታው ላይ ቆሞ ያንጎራጉራል። ጎልማሳ አድማጭ ከወጣትነቱ ሙዚቃ ጋር ሊኖረው የሚገባው ግንኙነት እንዲህ ያለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰድ ትምህርት አለ። መምህሩ በተማሪው ጆሮ ላይ የተሰካውን ሙዚቃ ጫጫታ ብሎ ከመገሠጹ በፊት፣ ስንኙን አብሮት ሊመረምር፣ ቤት አመታቱን ሊያስተውል፣ ስድቡንም በስሙ ሊጠራው ይገባል። ተማሪው የሚናቅበትን ነገር ይሸሽጋል፤ የሚመረመርለትን ግን ራሱም መመርመር ይጀምራል። የባህል ሠራተኛው ወጣቱን ከአንጋፋው የሚያለያይ መድረክ ሳይሆን፣ እንደ ኦሉ ዳራና እንደ ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያቆም መድረክ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። ከያኒው ደግሞ ከሁሉም የከበደ ግዴታ አለበት፤ ዕድሜውን አይደብቅ። ጸጉሩን ቀለም ነክሮ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ የሚዘፍን የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ወጣቱንም አያታልልም፤ እኩዮቹንም ብቻቸውን ይተዋቸዋል።

ሰው ሙዚቃን የሚተወው ሙዚቃው ስለ እርሱ መናገር ሲያቆም ነው። ስለ ደከመ ዐይን፣ ስለ ፈረሰ ትዳር፣ ስለ ሴት ልጅ ሥጋት የሚናገር ራፕ እስካለ ድረስ፣ የጎለመሰው ጆሮ የሚመለስበት ቤት አለው።