«እጮኛ» ስለሚለው ቃል፤ ማጨት እንደ ጋብቻ ያስራልን?

መጽሐፍን ከአንዱ ልሳን ወደ ሌላው የሚመልስ ሰው በአንድ ቃል ምሥጢርን ሲጠብቅ ሕግን የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ለዚህም በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቍጥር 19 እና 20 ያለው «እጮኛ» የሚለው ቃል ምስክር ነው። የጽርዑ ንባብ በዚህ ስፍራ ዮሴፍን «ባሏ»፥ እመቤታችንንም «ሚስትህ» ይላል፤ አማርኛው ግን ሁለቱንም በእጮኛ መለሳቸው።

ቃሉ የድንግልናዋን ክብር ስለሚጠብቅ አይነቀፍም፤ ቍጥር 18ም ሳይገናኙ የታጨች መሆንዋን ይመሰክራል። ነገር ግን አንባቢ «እጮኛ» ባለ ጊዜ የአገሩን ልማድ ብቻ ያሰበ እንደ ሆነ፥ ዮሴፍ በስውር ሊተዋት ማሰቡ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ነበረ አይገባውም። በኦሪት ሥርዓት የታጨች ድንግል በሕግ የባሏ ነበረች፤ በዘዳግም 22፥ 23 እና 24 ከእርስዋ ጋር የተኛ ሌላ ሰው የባልንጀራውን ሚስት እንዳዋረደ ተቈጥሮ ይፈረድበታል። እንግዲህ እርስዋን መተው ፍች እንጂ ሽማግሌ ልኮ ነገሩን እንደ ማስቀረት ያለ አልነበረም።

ከዚህ ተነሥተው «ማጨት ጋብቻ ነው፤ የታጨች አትመለስም» የሚሉ አሉ። ንባቡ ግን አይረዳቸውም። ያው ዘዳግም በምዕራፍ 20 ቍጥር 7 ሚስት አጭቶ ገና ያልወሰደውን ሰው ከሰልፍ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ማጨትና መውሰድ ሁለት መሆናቸውን ኦሪት ራስዋ ለየች። በሐዲስም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ314 ዓመት በዕንቆራ የተሰበሰቡ አበው፥ የታጨችውን ሌላ ቢነጥቃት ላጫት ሰው እንድትመለስ አዘዙ። በ692 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰበው የመለካውያን ጉባኤ ከዚህ አልፎ፥ አጪዋ በሕይወት ሳለ የሚያገባትን ሰው አመንዝራ አለው፤ ይህ ጉባኤ ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ አይቈጠርም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ማጨትን የሚያየው ጋብቻን እንደሚቀድም ተስፋና ውል ነው። ተስፋ ደግሞ የተሰጠበትን ነገር ያመለክታል እንጂ ነገሩን ራሱን አይሆንም። ጋብቻ የሚጸናው በፈቃድ፥ በጸሎትና በተክሊል ነው።

ታዲያ ቃል ከንቱ ነውን? አይደለም። ያለ ምክንያት እጮኛውን የሚተው ሰው በደለኛ ነው፤ የልጂቱን ስም ለሐሜት፥ ዕድሜዋንም ለመጠበቅ ሰጥቶ ሄዷልና። ነገር ግን አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉትን ይዞ፥ ሳትጠየቅ የታጨችውን ልጅ በአባትዋ ቃል ማሰር ሌላ ነው። ቃል የሚያስረው የሰጠውን ነው። በዚህ ግን ቃሉን የሰጠው አባት ሲሆን፥ ዕዳውን የምትከፍለው ልጂቱ ናት።

አንባቢ በዚህ ላይ ዮሴፍን ይመልከት። ሕጉ በእጁ ነበረ፤ ወንጌላዊው ግን ጻድቅ ያለው ሊያጋልጣት ያልወደደውን ሰው ነው። ማሰሪያው ምን ያህል የጠበቀ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው፥ አስቀድሞ ይህን ጽድቅ ይማር።