አሥራ አምስት እጥፍ፣ የምን እጥፍ?

አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን የሚያወድሱ ጽሑፎች ሁሉ አንድ ቁጥር ይዘው ይነሣሉ፤ ለልማት ተነሺው አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ከአሥር እጥፍ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ማደጉን። የምን እጥፍ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መነሻው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ነበር፤ በአዲሱ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ሆነ። በየዓመቱ ለሚያጭድ የጤፍ ወይም የበቆሎ አምራች ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው። ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ላለው ማሳ ግን ሕጉ አልተሰፋለትም።

በዚህ መንገድ ዳር ያለው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በተከለ ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል። ከዚያ ሣር እያጨደ ይጠብቃል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስላል፤ መሬቱም ወደ ጤፍና ወደ ችግኝ ይመለሳል። እንበልና ጤፉ 12,000 ብር፣ የሦስቱ ዓመት ሣር በየዓመቱ 4,000፣ በአምስተኛው ዓመት ከሰሉ 60,000 ብር ያስገባል። በአሮጌው ቀመር አምስቱ ዓመት ከየትም ቢጀመር ድምሩ 84,000 ነው፤ አማካዩ በአሥር ሲባዛ 168,000 ብር ይሆናል። በአዲሱ ቀመር አምና ያከሰለው ገበሬ 900,000 ብር ያገኛል። ዛፉ አራት ዓመት የሞላው፣ ገና ያልቆረጠው ጎረቤቱ ግን ከሣር በቀር የሚቆጠርለት ገቢ የለውም፤ 60,000 ብር። የቆመው ዛፍ ለብቻው ተገምቶ ቢከፈለው እንኳ ልዩነቱ ብዙም አይጠብም። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዲከረንሱን የመታበት ገበሬማ ጭራሽ በከፉ ዓመታቱ ሊለካ ይችላል።

ስለዚህ የካሳውን መጠን የሚወስነው የገበሬው ድካም ሳይሆን አስተዳደሩ መሬቱን የሚፈልግበት ቀን ነው። የመንግሥት ሥልጣን ከልኩ ማለፉን የምንፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ማሳውን በሚጠርገው ግሬደር ዙሪያ ነው፤ እኔ የማየው ግን እዚህ የካሳ ስሌት ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም፣ ገበሬው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው የራሱ መሆኑን ያረጋግጥለታል፤ ካሳውም ተመጣጣኝና በቅድሚያ የሚከፈል እንዲሆን ያዛል። ከአንድ ድንበር ወዲህና ወዲያ 900,000 እና 60,000 ሁለቱም ተመጣጣኝ ሊሆኑ አይችሉም።

ይህን ስል አሮጌው አዋጅ ይመለስ ማለቴ አይደለም። መሬትህን ሳታስረክብ ይግባኝህ አይታይም የሚል ሕግ የሚናፈቅ አይደለም። አማካዩ ከዲከረንስ ዕድሜ ጋር የገጠመውም በአጋጣሚ ነው፤ ያረቀቀው ሰው የከሰል ጆንያ በዓይነ ሕሊናው የነበረ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ደግሞ የዘመቻ ቀን ሳይቆረጥለት፣ አበል ሳይከፈለው፣ የተራቆተ አሲዳማ መሬቱን በገዛ ገንዘቡ ደን ባለበሰ ገበሬ ላይ ነው። በአገራችን ከተካሄዱ የደን ልማት ሥራዎች ሁሉ የእሱን አስበልጣለሁ። ለእንዲህ ያለው ይዞታ ከተከላ እስከ ከሰል ያለው ገቢ በሙሉ ተደምሮ ለዓመታቱ ይካፈል፤ በአሥራ አምስት የሚባዛው ከዚያ በኋላ ይሁን።