ሹፌሩና ቲኬት ቆራጩ፦ ስለ አካል እንቅስቃሴና ስለ ልብ ጤና የተደረገ አንድ ቀደምት ጥናት ሲመዘን

የአካል እንቅስቃሴ ለልብና ለደም ዝውውር ሥርዓት የሚሰጠው ጥቅም ዛሬ በየጤና ተቋሙ የሚነገርና ማንም የማይከራከርበት እውነት ሆኗል። ይህ እውነት በአንድ ወቅት መላ ምት ብቻ እንደነበረ፣ የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃም ከስፖርት ሜዳ ሳይሆን ከለንደን ከተማ አውቶቡሶች እንደተገኘ ግን እምብዛም አይነሳም። ብሪታንያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1953 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጥናት የዘርፉ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ከሰባ ዓመታት በኋላም ሊመረመር የሚገባው፣ በስሙ የሚሰጠው ምክር ጥናቱ ካሳየው ነገር እየራቀ በመሄዱ ነው።

የጥናቱ ጥንካሬ በቀላልነቱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ሹፌሩ የሥራ ሰዓቱን ከሞላ ጎደል ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ቲኬት ቆራጩ ደግሞ ተሳፋሪዎችን ለማስከፈል ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 እርከኖች ይወጣ እንደነበር ተገምቷል። ሁለቱም በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ፣ በኑሮ ደረጃ የሚቀራረቡና በአንድ መንገድ ላይ የሚውሉ በመሆናቸው ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ማነጻጸሪያ ይመስሉ ነበር። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆኑ 31,000 ያህል ወንድ የትራንስፖርት ሠራተኞች ሲታዩ፣ በዓመት ከ1,000 ሹፌሮች 2.7 ያህሉ፣ ከ1,000 ቲኬት ቆራጮች ደግሞ 1.9 ያህሉ በልብ ደም ቧንቧ በሽታ ተይዘው ተገኙ። በቲኬት ቆራጮቹ ላይ በሽታው ዘግይቶ የሚታይና ገዳይነቱም ያነሰ ነበር። በፖስታ ቤት ሠራተኞች ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ማነጻጸርም፣ በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉት ተቀምጠው ከሚሠሩት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ ማነጻጸሪያው እንደሚመስለው ንጹሕ አልነበረም። ሹፌርነትንና ቲኬት ቆራጭነትን ለሠራተኞቹ በዕጣ ያደለ ተመራማሪ የለም። ምናልባት ለልብ በሽታ የተጋለጡት ከመጀመሪያው የሹፌሩን ወንበር መርጠው ይሆን? ይህን ጥያቄ ሌላ ተቺ ከማንሳቱ በፊት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ተከታትለውታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ያሰፋው የደንብ ልብስ የተመዘገበበትን መዝገብ መረመሩ። የሹፌሮቹ የሱሪ ወገብ ልክ ከቲኬት ቆራጮቹ የሰፋ ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱም በወጣቶቹ ላይ ጭምር የሚታይ ነበር። ይህም ማለት ከልዩነቱ ከፊሉ ሥራው ያመጣው ሳይሆን ሠራተኞቹ ይዘውት የገቡት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በኋላ የተደረገው ክትትልም በሹፌሮቹ ዘንድ ከፍ ያለ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል መኖሩን አሳየ። የራስን ግኝት ሊያዳክም የሚችል ማስረጃ ፈልጎ ማቅረብ ከግኝቱ ባላነሰ የሚያስመሰግን ሳይንሳዊ ጨዋነት ነው። ጥናቱ በወንዶች ላይ ብቻ የተወሰነ መሆኑም ሌላው ጉድለቱ ነው።

ሞሪስ በዚህ አልቆሙም። ሥራቸው ተቀምጠው የሆነ ወደ 17,000 የሚጠጉ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች የሁለት ቀን ውሏቸውን በአምስት አምስት ደቂቃ ከፋፍለው እንዲመዘግቡ አድርገው ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በትርፍ ጊዜያቸው ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያደርጉ የነበሩት ለልብ በሽታ የነበራቸው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። የሥራው ዓይነት ለሁሉም አንድ በመሆኑ፣ በአውቶቡሶቹ ጥናት ላይ የቀረበው ተቃውሞ እዚህ ላይ በእጅጉ ይቀንሳል።

የሰውነት አሠራርም ይህንኑ ይደግፋል። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም የሚረጭ ጤናማ ልብ በከባድ እንቅስቃሴ ወቅት 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይረጫል። እንቅስቃሴው ሲለመድ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚጨምር የዕረፍት ጊዜ የልብ ምት ይቀንሳል፤ የደም ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋንም ናይትሪክ ኦክሳይድን በተሻለ ሁኔታ ስለሚያመነጭ ቧንቧው በቀላሉ ይለጠጣል። የደም ግፊት ሕመምተኛ ዘወትር ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ሲያደርግ የላይኛው ግፊት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል።

ታዲያ ትችቱ በይበልጥ ሊያርፍ የሚገባው በጥናቱ ላይ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው። በምርመራ ክፍል የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ «ስፖርት ይሥሩ» የሚል አንድ ሐረግ ነው። ስፖርት የሚለው ቃል በብዙ ሕመምተኞች አእምሮ የሚቀርጸው ቱታ የለበሰ ወጣትን ወይም የወር ክፍያ የሚጠየቅበትን ጂምናዚየም ነው። የስልሳ ዓመቷ እናት ምክሩን ሰምተው፣ ለእርሳቸው እንዳልተነገረ ቆጥረው ይወጣሉ። የለንደኑ ቲኬት ቆራጭ ግን ስፖርተኛ አልነበረም፤ ደረጃ የሚወጣ ሠራተኛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ እንቅስቃሴው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መዝለቅ አለበት የሚለውን የቀድሞ ሐሳብ ትቶታል። ወደ ገበያ በፍጥነት መራመድም ሆነ ደረጃ መውጣት ይቆጠራል። እርግጥ ለመራመድ የሚራመዱበት መንገድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ይህን ያስታወሰ ጅምር ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ምክሩን ለሁሉም በአንድ መስፈሪያ መስፈር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ወይም ሸክም ሲሸከም የዋለ ሰው ተቀምጦ ከሚውለው የቢሮ ሠራተኛ ጋር አንድ ዓይነት ምክር አይሻም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ በ17 አገሮች 130,000 ሰዎችን ያካተተው ጥናት በሥራም ሆነ በመዝናኛ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከዝቅተኛ ሞት ጋር እንደሚያያዝ ቢያሳይም፣ ዕረፍት የለሽ ከባድ የጉልበት ሥራ ልብን ይጠቅም እንደሆነ አሁንም ያከራክራል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የማይትራል ቫልቭ የጠበበበት ልብ ምቱ ሲፈጥን የመሙያ ጊዜው ስለሚያጥር፣ በግራ የላይኛው የልብ ክፍል ግፊት ይጨምራል፤ ሳንባም በፈሳሽ ሊጥለቀለቅ ይችላል። ለሹፌሩ መድኃኒት የሆነው ደረጃ ለዚህች ወጣት አደጋ ነው። ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ «ሰውነትሽን ስላላለማመድሽው ነው» ተብላ ከመሸኘቷ በፊት ደረቷ በማዳመጫ ሊደመጥ ይገባል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው እንቅስቃሴን እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠኑን፣ ድግግሞሹንና ክልከላውን ለይቶ ማዘዝ ይጠበቅበታል። ለዚህም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሕመምተኛው ስፖርት ይሠራ እንደሆነ ሳይሆን ቀኑን እንዴት እንደሚውል ነው። ሞሪስና ባልደረቦቻቸውም ሥራቸውን የጀመሩት ይህንኑ ጠይቀው ነበር።