መሠረት የሌለው ቤት፣ ታሪክ የሌለው አገር?

ከጂንካ ተነሥቶ፣ የማጎን ፓርክ አቋርጦ ወደ ሃና ለሚወርድ እንግዳ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «እዚያ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ይባላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሰዎቹ» የሚል ነው። የሳላማጎ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሃና የነገሥታት ግንብ የለም፤ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የጥንት ሐውልት የለም። ስለዚህ ታሪካዊ ሥፍራ የላትም ብለን እናልፋለን። የዛሬው ሙግታችን ከዚህች «ስለዚህ» ጋር ነው።

ድንጋይን ብቻ ምስክር ማድረግ የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ገጠር ባሉ ብዙ የገበያ ከተሞች መሀል የድንጋይ መስቀል፣ ወይም በምሰሶ ላይ የቆመ የገበያ አዳራሽ ይታያል። ገበሬው ቅቤውንና እህሉን ይዞ የሚጠለልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች በመዝገብ ሰፍረው እንዲጠበቁ መንገድ ከፈተ። ልብ በሉ፤ ከንጉሥ ቤት ጎን የገበያተኛው መጠለያም ተቆጥሯል። ይህ ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን መጠለያው የዛፍ ጥላ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ውስጥ ይገባ ነበርን?

ወደ ጂንካ እንመለስ። ከጂንካ በፊት የአካባቢው የአስተዳደር መቀመጫ በአሪ ምድር የነበረችው ባኮ ናት። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዛሬ «ባኮ» የሚለውን ስም ይዟል። ለረጅም ዘመን የከተማዋ እምብርት ሕንጻ አልነበረም፤ ሜዳ ነበር። አውሮፕላኑ ያርፍ የነበረው በከተማዋ መሀል በተዘረጋው ሣር ላይ ነው። በሌላው ሰዓት ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ቅዳሜ ገበያተኛው ያቋርጠው ነበር። ቤቱና መንገዱ የተሰለፈው ዙሪያውን ነው። አሁን ከከተማዋ ወጣ ብሎ አስፋልት ማረፊያ ተሠርቷል፤ መሠራቱም መልካም ነው። ነገር ግን አንዲት ከተማ ቅርጿን ያገኘችበት ሜዳ ታሪካዊ ሥፍራ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ባዶ ቦታ ነዋ! ባዶ ቦታ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

በሃና ዙሪያ ነገሩ ይብሳል። የቦዲና የሙርሲ ቤት በእንጨትና በሣር የሚሠራ ነው። ከብቱ ሲሄድ ሰውም ይሄዳል፤ ቤቱም ወደ አፈሩ ይመለሳል። የማይሄደው ሥፍራው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሙርሲዎች መካከል ያጠናው ዴቪድ ተርተን ሸንጓቸውን ጽፎልናል። ወንዶቹ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ተናጋሪው ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ይሟገታል። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ ደግሞ ቦዲዎች የከብቶቻቸውን ቀለምና ዝንጉርጉርነት ምን ያህል በረቀቀ ቋንቋ እንደሚለዩ መዝግቧል። እንዲህ የሚያይ ዓይን ያለው ሕዝብ የሚኖርበትን ምድር ያለ ምልክትና ያለ ትዝታ ይተዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ የምናፍርበት ነገር አለ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው በቅሪተ አካሉና በጥንት የድንጋይ መሣሪያዎቹ ነው። በዚያ ሸለቆ፣ በኪቢሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የሰው አጽም ከ200 ሺህ ዓመት በላይ እንደሚሆነው በ2022 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ታላቅ ኩራት ነው። ግን የሞቱት ሲቆጠሩ በሕይወት ያሉት ሥፍራዎች ከቁጥር ቀሩ። ጎረቤቷ ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመዝግባለች፤ እርከኗና የመንደሯ ቅጥር ድንጋይ ነውና ዓይን ሞላ።

የገዛ ሕጋችንስ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌለውንም ቅርስ ማወቁ የሚመሰገን ነው። የማይንቀሳቀስ ቅርስን ሲተረጉም ግን በመሠረት ከመሬት ጋር የተያያዘ ይላል። የሣር ቤት የድንጋይ መሠረት የለውም። የሸንጎው ዛፍ ሥር እንጂ መሠረት የለውም። የኦሞ ዳርቻ እርሻ ደግሞ መሠረቱ ውሃ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ይዘራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የኩራዝ የስኳር ልማት ተጀመረ፤ በ2016 የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተመረቀ። የወንዙ የዓመት ሙላት እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ። ስኳርና መብራት አገር የምትሻቸው ናቸው። ነገር ግን አንድ ግንብ ሊፈርስ ሲል የሚጮኸው ብዙ ነው፤ አንድ የወንዝ ዳርቻ ሲቀር ግን በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ነበርና «ምን ጠፋ?» የሚለው ያንሳል።

በጂንካ ጉብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም የሚችለውን አድርጓል፤ የኑሮ ዕቃዎችን ሰብስቦ አሳይቷል። ይሁንና በርኩማው ሙዚየም ገብቶ የተቀመጡበት ጥላ ቢቆረጥ፣ የያዝነው ግማሹን ነው።

«ታዲያ የሣር ጎጆ እንዴት ይጠበቃል? በመስታወት ይከደን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎጆውን ዘላለማዊ እናድርገው አላልንም፤ ሰዉም በቆርቆሮ ቤት የመኖር መብት አለው። የምንለው ቀላል ነው። ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ። የሸንጎው ዛፍ፣ የመሻገሪያው፣ የከብት ማጠጫው ስም በራሳቸው ቋንቋ ይጻፍ፤ በካርታ ላይ ይስፈር። «የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል፤ የአገሩንም ታሪክ በአገሩ ዓይን ማየት ነው።

ያን ጊዜ ወደ ሃና የሚወርደው እንግዳ ሰዉን እንደ ትርዒት ቆሞ ከማየት ይድናል። ጠጋ ብሎ «ይህ ቦታ ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል።