የዕድር ገንዘብና የለቅሶ ቤት፤ ስለ ዕድር በተጻፉ ጥናቶች ላይ ከኮልፌ ቀራንዮ የተነሣ ትችት

ስለ ዕድር ከጻፉት ሊቃውንት ብዙዎቹ ነገሩን የተመለከቱት በገንዘቡ በኩል ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ዕድርን ሕዝቡ ራሱን በራሱ ከሚረዳባቸው ማኅበሮች መካከል ቆጠሩት። ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ ስቴፋን ደርኮን ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋራ ባሳተሙት ጥናት ዕድር በርእሱ ሳይቀር የቀብር መድን ተብሎ ተጠራ። ከአራቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሪቻርድ ፓንክረስት ልጅ አሉላ ፓንክረስት ናቸውና ሐሳቡ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ርስት ይመስላል።

የዚህ ሁለተኛ ጥናት ውለታ ሊካድ አይገባም። ዕድር በደግነትና በልማድ ብቻ የሚኖር ነገር ነው ይባል የነበረውን ትቶ፣ የአባላት መዝገብ፣ የተጻፈ ደንብ፣ የተወሰነ መዋጮና የተወሰነ ክፍያ ያለው ድርጅት መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያው መረጃ በአብዛኛው ከገጠር መንደሮች የተሰበሰበ ሲሆን፣ መድን የሚለው ስም በኋላ ሰዎች እጅ ወደ ከተማ ገብቶ ለዕድር ሁሉ መጠሪያ ወደ መሆን ደረሰ። ስሙ የሚገባው መሆን አለመሆኑን የሚፈትን ነገር እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ አልመጣም ነበር።

እንደሚታወቀው የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጣ። ሕዝቡ ጨርሶ ከቤት እንዳይወጣ አልታዘዘም፤ የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ ሠርቶ የሚያገኝ ሰው በበዛበት አገር ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። የተከለከለው ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ፣ በእጅ መጨባበጥና ይህን የመሰለው ነው። ይኸውም ማንም ተመራማሪ በፈቃዱ ሊያዘጋጀው የማይችል ፈተና ሆነ፤ የዕድርን ገንዘብ ከለቅሶ ቤት መቀመጥ ለየው።

በብዙ ዕድሮች መዋጮው መሰብሰቡን ቀጠለ፤ ሰው የሞተበትም ቤት ገንዘቡን ተቀበለ። ድንኳኑና ወንበሩ ግን ከተቀመጡበት አልወጡም፤ ጡሩምባው ሠፈሩን አልቀሰቀሰም፤ ቀብሩም በጥቂት ሰው ተፈጸመ። ዕድር መድን ብቻ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ወራት ሥራውን በሙሉ ፈጸመ ሊባል ይገባው ነበር፤ እንዲያውም የድግሱ ወጪ ስለ ቀረ ከቀድሞው አብልጦ ፈጸመ በተባለ ነበር። ነገር ግን የሐዘንተኛው ቅሬታ በገንዘቡ ላይ አልነበረም። ሰው ሳይደርስልኝ ቀረ የሚል ነበር።

ይህን ለመመልከት ኮልፌ ቀራንዮ የተመቸ ስፍራ ነው። ከመርካቶ በስተምዕራብ ተነሥቶ እስከ አየር ጤናና ዓለም ባንክ በሚዘረጋው በዚህ ክፍለ ከተማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና ይኖራል፤ የሠፈር ዕድርም ብዙ ጊዜ ሁለቱን በአንድ መዝገብ ይይዛል። በቀበሌ ቤቶች አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ የብዙ ቤተ ሰብ ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ የሚኖሩትን ሁለት ሜትር ተራራቁ ማለት ከቃል አያልፍም። ስለዚህ ክልከላው ጎረቤትን ከጎረቤት አልለየም፤ የለየው ግቢን ከግቢ ነው። ዕድር ደግሞ የሚሠራው በዚሁ በግቢና በግቢ መካከል ነው። በበሽታ ምክንያት መለየትም ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ በኋላም በ1958 ዓ.ም. በዚያው በተቋቋመው አለርት ዙሪያ የሠፈሩት ሕሙማን ከዘመድ ርቀው ሌላ ጉርብትና መሥርተዋል። የ2012 ዓ.ም.ን መለያየት ታይቶ የማይታወቅ የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን ሠፈር ሊያዩት ይገባ ነበር።

ስለ ዕድር ባሕርይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን ቅጣቱ ነው። በብዙ ዕድሮች ደንብ ከቀብር የቀረ አባል ስሙ ተጠርቶ ካልተገኘ መቀጫ ይከፍላል። መዋጮውን ሳያጓድል የከፈለን ደንበኛ ቀብር አልመጣህም ብሎ የሚቀጣ የመድን ድርጅት በየት ይገኛል? የመንግሥቱ ዐዋጅ ዕድር ያስቀጣበት የነበረውን መቅረት ግዴታ አደረገው፤ ዕድር ግዴታ ያደረገውንም መሰብሰብ ያስቀጣ ጀመር። የሠፈር ዳኞች በዚያን ጊዜ የገቡበት ጭንቀት ከሒሳብ መዝገብ አይነበብም።

በዚያ ወራት ይነገሩ ከነበሩት ቃላት አንዱም ሊመረመር ይገባዋል። በመጀመሪያ «ማኅበራዊ ርቀት» ይባል የነበረው ወዲያው «አካላዊ ርቀት» ተባለ፤ አካል ቢራራቅ ማኅበር አይፈርስም ለማለት ነው። በውጭ አገርም እንዲሁ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማኅበርና አካል የሚነጣጠሉ ነገሮች መሆናቸውን አስቀድሞ አምኖ የተነሣ ነው። በለቅሶ ቤት ሰው ብዙ አይናገርም። ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና ይቀመጣል፤ መቀመጡ ራሱ ነገሩ ነው። በስልክ የተላከ ማጽናኛ ቃሉን ያደርሳል፣ መቀመጡን ግን አያደርስም።

ከዚህ ቀደም በዚሁ ክፍለ ከተማ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም ድንኳን ተተክሎ ተለቅሷል፤ የሦስት ቀንም ብሔራዊ ሐዘን ታውጇል። በ2012 ዓ.ም. ቀብር ያለ መቀመጥ ሆነ። ክልከላው ካበቃ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ተገላቢጦሹ መጣ፤ ሬሳ ሳይመጣ መርዶ ብቻ እየመጣ መቀመጥ ያለ ቀብር ሆነ። የቀብር መድን የሚለው ትርጓሜ የመጀመሪያውን የተሟላ ያደርገዋል፤ ለሁለተኛው ግን ቀብር የሌለበት ነውና ስም የለውም። ሕዝቡ የፈረደው በተቃራኒው ነው።

ክልከላው ከላላ በኋላ ማኅበራዊ ኑሮ እንዴት እንደ ተመለሰ ሲነገር፣ ብዙ ሰው የሚመለከተው ሠርጉንና በዓሉን ነው። የተበላሸውን የጠገነው ግን ይልቁንም ዘግይቶ ለቅሶ መድረስ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ወራት ቢያልፍም ሐዘኑ ቤት ገብቶ ለቅሶውን ማደስ የቆየ ወግ ነው። ያ ወግ ለሩቅ መንገደኛ የተሠራ ሲሆን አሁን በሦስተኛው ግቢ ለሚኖር ጎረቤት አገለገለ፤ የዓመቱ መታሰቢያም፣ በሙስሊሙ ቤት ሰደቃው፣ ያልተቀመጡት የሚቀመጡበት ቀን ሆነ። የከተማ ሰው ግንኙነት በክልከላው ተበጥሶ ቀረ ብለው የፈረዱ ሰዎች ባህሉ የመዘግየት ሥርዐት እንዳለው አላሰቡም።

ሁሉም ነገር ግን እንደ ነበረ አልተመለሰም። በድንኳን ማደሩን ያለ ጸጸት የተዉ አሉ፤ ወጪውና ድካሙ ከበሽታው በፊትም ያስመርር ነበርና። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ ሠፈሮችን ስላፈለሰ፣ ዛሬ ከቀብር የሚቀረውን ሰው ሁሉ በበሽታው ምክንያት ቀረ ማለት ስሕተት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን ስላስጨነቀው በሽታም በ1975 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል፤ ያ ጽሑፍና የዕድሩ ጽሑፍ ጎን ለጎን ሊነበቡ በተገባ ነበር። የሕዝቡ ትዝታ በኅዳር 12 ቀን ጢስ ላይ ቀርቷል። ያሁኑ ዘመን ግን ከጢስ የተሻለ ምስክር አለው፤ በየዕድሩ ጸሐፊ ቤት የተቀመጠው የስም መጥሪያ መዝገብ። እስከ ዛሬ የተመረመረው በይበልጥ የመዋጮው ዓምድ ነው። ከጎኑ ያለው የቀሪዎችና የመቀጫ ዓምድ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ባዶ መሆን ይገባዋል፤ ሊፈለግ የሚገባው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሠፈር፣ በማን ስም ላይ እንደገና መጻፍ እንደ ተጀመረ ነው።