ገዝተኸው ያልተረከብከው ላፕቶፕ

ከእንጦጦ ፓርክ ቁልቁል፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለችው ሱቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ያገለገለ «ስላይትሊ ዩዝድ» ላፕቶፕ ነው። ያመጣው ተማሪ ነው፤ የሚፈልገው ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ። ፍላሹን ከመሰካቴ በፊት ባዮስ እገባለሁ፤ ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10። እዚያ የአድሚን ፓስወርድ ከተጠየቅሁ ልጁ ገንዘቡን ከፍሏል እንጂ ዕቃውን ገና አልተረከበም። ቁልፉ ባሕር ማዶ ቀርቷል።

የሙያ ጓደኞቼ ሊኑክስ አልጫን ሲል ጥፋቱን ሁሉ፣ ያልተፈረመ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ በሚከለክለው በሴኪዩር ቡት ያላክካሉ። እኔ አልስማማም። ከዊንዶውስ 8 ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ሲመጣ ሊኑክስን ሊዘጋ ነው ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ማይክሮሶፍት ግን በኢንቴልና በኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ ባለቤቱ ማጥፋት እንዲችል አምራቾችን አስገደደ፤ ከልካይ የሆነው በአርም ፕሮሰሰር በሚሠሩት ላይ ነበር። ኡቡንቱም በማይክሮሶፍት የተፈረመች «ሺም» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ይዞ ስለሚመጣ፣ ሴኪዩር ቡት ሳይጠፋ ይጫናል።

ሴኪዩር ቡትን በልማድ ማጥፋት እንዲያውም ጣጣ አለው። ዊንዶውሱ እንዳለ ሆኖ ኡቡንቱ ጎን ለጎን እንዲጫንለት የሚፈልግ ደንበኛ ላፕቶፑ ላይ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ፣ ዊንዶውሱ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ልጁ ያን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንቱ አውጥቶ ወረቀት ላይ ሳይጽፍልኝ ምንም አልነካም።

የባዮስ ፓስወርዱን ግን ማንሳት ይቻላል፤ የብዙዎቹ ቺፕ በፕሮግራመር ይነበባል፣ ተስተካክሎ መልሶ ይጻፋል። ደረሰኝ ሳላይ አልሠራውም። ያው ቁልፍ የተሰረቀ ላፕቶፕንም ይጠብቃልና።

የተቆለፈን መክፈት ሁሉ ግን ስርቆት አይደለም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ሕፃናት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ታብሌት አድሎ ነበር። ካሜራው ተዘግቶ ነው የተሰጣቸው፤ ልጆቹ ከፈቱት። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ይህን በአደባባይ በኩራት ተናገረ። እኔ ሱቅ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ልሥራ ቢል ግን በጥርጣሬ የሚያየው ይበዛል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ደህና ማሽኖች በርካሽ ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ለሊኑክስ ግን ገና ብዙ ያገለግላሉ። ልትገዛ ስትሄድ ራሙንና ባትሪውን ብቻ አትጠይቅ። ሻጩ ፊት አጥፍተህ አብራው፣ ባዮስ ግባ፣ አንድ ነገር ቀይረህ ሴቭ አድርግ። እምቢ ካለህ ብርህን ኪስህ መልስ።