«ላምብ» እና የአባትየው ሐዘን

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ጥሩ ፊልም ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል መታየቱም የሚገባው ነበር። ቅር ያለን በአባትየው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጁን ኤፍሬምን ዘመድ ዘንድ ትቶ እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። በቃ! ልጁስ ሐዘኑን የሚያወጣባት በግ አለችው፤ አጎቱ ቢጠላም ከእናቱ የተማረውን ምግብ ይሠራል።

እኛ ግን በመቱና በጎሬ የምናውቃቸው፣ ሚስት የሞተችባቸው ሽማግሌዎች ትዝ አሉን። በለቅሶው «ወንድ አይደሉ እንዴ፣ በርታ ይበሉ» ይባላሉ። ለቀስተኛው ሲበተን የቡናው ሙቀጫ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም (ያውም በቡና አገር!)። ያ ዝምታ ፊልሙ ውስጥ የለም።

ፊልሙ ስለ ልጅ ነው የሚለን ይኖራል፤ ይሁን። ነገር ግን ልጁ ማጀት የገባው እናቱን ፍለጋ ከሆነ፣ አባቱንም ከጎጆው ያስወጣው ድርቁ ብቻ አይመስለንም።